ቤት ሰው አልነበረም

ባለፈው ጥቅምት መጨረሻ ላይ የልጄ ልጅ ሳሮን ከትምህርት ቤት ስትመለስ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ስልኳን አፍንጫዬ ሥር ደቀነችው። ከጓደኞቿ ጋር ከአስፋልቱ ማዶ ያለውን፣ ባለቤት ያጣውን አሮጌ ቤት ፎቶ አንስተዋል። የጣሪያው ግማሽ ወድቋል፤ መስኮቱ ላይ ሐረግ ወጥቶበታል። አንደኛዋ ልጅ ነጠላ ተከናንባ በመስኮቱ ብቅ ብላለች። ከፎቶው ሥር በእንግሊዝኛ የጻፉትን ሳሮን እየሳቀች አነበበችልኝ፤ «ሆንትድ ሃውስ» ይላል።

«እማማ፣ ምን ማለት እንደሆነ ልንገርሽ?» አለችኝ።

«አውቀዋለሁ» አልኳት።

ሳቀች። አልፈርድባትም። እኔ ከስድስተኛ ክፍል ያላለፍኩ ሴት ነኝ። ከእንግሊዝኛ የቀረልኝ ሰላምታና ከአንድ እስከ መቶ መቁጠር ነው፤ እሱም ሰባዎቹ ላይ ይምታታብኛል። ሳሮን እንደ አስተማሪ እጇን አጣምራ «እስቲ ንገሪኛ» አለች። የሙት መንፈስ የሚመላለስበት ቤት ማለት ነው፣ ሰው ያየው እንደሆነ የሚደነግጥበት፣ አልኳት። ቀጥዬም ቃሉ ሲወለድ ግን ስለ ሙትም ስለ ድንጋጤም እንዳልነበር ነገርኳት። ያን ጊዜ ሳቋን አቆመች፤ ማን እንደነገረኝ ጠየቀችኝ። ምግቡ እየቀዘቀዘ ነው ብዬ ቆጮውንና ጎመኑን አቀረብኩላት። በላችና ወጣች። እኔ ከቃሉ ጋር ብቻዬን ቀረሁ።

ሰው ከሞተበት ወገኑ የሆነ ነገር ያስቀራል። አንዱ ፎቶ፣ ሌላው በትር ወይም ኮፍያ ያስቀምጣል። እኔ ከወንድሜ ያስቀረሁት አንድ የባዕድ ቃል ነው። የማይበላሽ፣ ብል የማይበላው ነገር ነው፤ ግን ማንም አያውቅልኝም።

ያደግኩት ከዲላ ወደ ጪጩ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ዙሪያውን እንሰት በከበበው የእንጨት ግድግዳ ቤት ውስጥ ነው። ጊዜው የጃንሆይ ዘመን ነበር። መንገዱ ጠጠር ነው። ቡና የጫኑ መኪኖች ወደ አዲስ አበባ ሲያልፉ በበጋ የእንሰቱ ቅጠል አቧራ ይለብሳል፣ ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ታጥቦ ያበራል። በቡና ወቅት አገሩ በሙሉ አንድ ሽታ ይሸታል፤ የተፈለፈለ የእሸት ቡና ልጣጭ ተከምሮ ሲቦካ የሚያወጣው፣ ጣፋጭም ኮምጣጣም የሆነ ሽታ። ዛሬም ያ ሽታ ሲሸተኝ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ እሆናለሁ፤ መሆኑን ግን አልወደውም።

አባቴ የሞተው ነፍስ ሳላውቅ ስለሆነ ያሳደገኝ ወንድሜ በራሶ ነው ማለት እችላለሁ። በአሥር ዓመት ይበልጠኛል። እናቴ ሴት ልጅን ፊደል ምን ያደርግላታል ስትል፣ እሱ ከሦስታችን ቢያንስ አንዷ ታንብብ ብሎ ራሱ ወስዶ አስመዘገበኝ። ዝናብ በጣለ ቁጥር ወንዙን በጀርባው አዝሎ ያሻግረኛል። ደብተሬን በእንሰት ቅጠል ጠቅልሎ ጥርሱ መሃል ይይዘዋል፤ ስለዚህ መሃል ወንዝ ላይ እኔን ለመሳደብ ሲፈልግ በአፍንጫው ነበር የሚሳደበው።

ስድብ የሚገባኝም ነበርኩ። ዓይነ አፋር ስል ዛሬ ልጆች የሚሉት ዓይነት አይደለም። አስተማሪው ስም ሲጠራ «አቤት» ማለት ያቅተኝ ነበር። አፌን እከፍታለሁ፣ ድምፁ አይወጣም። አስተማሪውም ሰባ ልጅ የሞላበት ክፍል ውስጥ አንገቱን ቀና አድርጎ ስለማያይ፣ አግዳሚው ላይ ተቀምጬ ቀሪ እያለ ይጽፍብኛል። የመጀመሪያው ዓመት ሊያልቅ ሲል ብዙ በመቅረት ልባረር መሆኑን በራሶ ሰማ። ቡና የሚለቅምበትን ቅርጫት በትከሻው እንዳንጠለጠለ ክፍል ድረስ ገባ። ለአስተማሪው የተናገረውን እስከ ዛሬ አልረሳም።

«የኔታ፣ ይቺ ልጅ ዝም አለች ማለት የለችም ማለት አይደለም» አለው በተሰባበረ አማርኛው። «አለች። ዝም ብላ ነው የምትኖረው።»

ልጆቹ ሳቁ። አስተማሪውም ሳቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜን ሲጠራ ቀና ብሎ በዓይኑ ይፈልገኝ ጀመር። በራሶ ደግሞ ጭጭ ማለቴን አይቶ ጭጬ የሚል ስም አወጣልኝ፤ ከእሱ ሌላ በዚያ ስም የጠራኝ የለም።

ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ፣ ከፋሲካ በኋላ፣ በራሶ ወደ ቆላ ሊወርድ ተነሣ። የሸንኮራ አገዳ እርሻ ላይ ሰው ይፈለጋል ተብሎ ከአካባቢያችን ብዙ ጎረምሳ ሄዷል። እሱ የሚሄደው እኔ ሰባተኛን እንድቀጥል ነበር። ቡና ሲቀላ እመጣለሁ አለ። እናቴ ራሷ ከፈተለችው ጥጥ ጋቢ አሠራችለት። እኔም የምሰጠው ነገር ስላልነበረኝ በቀይ ክር ጋቢው ጥለት ላይ ስሙን ጠለፍኩለት። ሦስት ፊደል ነው፤ በ፣ ራ፣ ሶ። ማንበብ ባይችልም ጣቱን እያስኬደ ዳሰሰው።

«እንግዲህ ብጠፋም አንብበው ይመልሱኛል» አለና ጋቢውን ትከሻው ላይ ጣለው።

ቡናው ቀላ፤ እሱ አልመጣም። ደብዳቤ የሚጽፍለት ሰው አጥቶ ይሆናል አልን። ሰባተኛ ክፍልም ያለ እኔ ተጀመረ። ዲላ ከተማ አንድ ነጋዴ መጋዘን ውስጥ ቡና ለቀማ ገባሁ። እንደ ዛሬው ጠረጴዛ የለም፤ አርባ የምንሆን ሴቶች መሬት ላይ በረድፍ ተቀምጠን፣ ፊታችን የፈሰሰውን ቡና በጣታችን እየበተንን ጥቁሩን፣ የተሰበረውንና ነቀዝ የበላውን እናወጣለን። ለዓይነ አፋር የተፈጠረ ሥራ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ማንንም ቀና ብሎ ማየት አያስፈልግም። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ በትምህርት ቤቱ የምታስተምር ሚስ ኤለን የምትባል አሜሪካዊት ልብስ አጥብላት ነበር። ስድስተኛ ክፍል እንግሊዝኛ ያስተማረችን እሷ ናት።

በጥር ወር አንድ ቀን ጎህ ሲቀድ የሰፈራችን ሽማግሌዎች በራችን ላይ ቆመው አገኘናቸው። እንደ እኛ አገር ልማድ በዚያ ሰዓት ሽማግሌ ተሰብስቦ ሲመጣ የሚባለው ነገር አንድ ብቻ ነው። እናቴ ገና ሳይናገሩ ተቀመጠች። ከመካከላቸው የማናውቀው፣ እርሻው ላይ ይሠራ የነበረ፣ ከሬኮ መንደር በኩል የመጣ ሰው አለ። እርሻው ላይ ወባ ገብቶ ሰው እንደ ቅጠል መርገፉን፣ ሟቾቹን የማያውቃቸው ሰው በጥድፊያ እንደቀበራቸው ነገረን። ከሟቾቹ አንዱ ለብሶት የነበረውን ጋቢ ጥለቱ ላይ ጽሑፍ ስላየበት ለጸሐፊ አስነብቦ፣ ስሙ የእኛን አገር ሰው መስሎት፣ እያጠያየቀ ይዞልን መጥቷል። ደግ ሰው ነበር። ያን ሁሉ መንገድ በእግርና በመኪና የመጣው ለማያውቀው ሰው እናት ብሎ ነው።

ጋቢውን ዘረጉት። ቀዩ ክር አልለቀቀም ነበር።

አስከሬን ስላልነበረ ጋቢው በአስከሬኑ ፋንታ አልጋ ላይ ተዘረጋና ተለቀሰበት። እናቴ ከዚያ ጥቂት ዓመት ቀደም ብላ ጴንጤ ሆና ስለነበር የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ደረት እንዳትመታ ይይዟታል፤ እሷ ግን በሁለቱም ወገን አለቀሰች፣ በዝማሬውም በእንጉርጉሮውም። አንዲት ጎረቤታችን ስሙን ያነበበች ይመስል ጣቷን በቀዩ ክር ላይ እያስኬደች ስታለቅስ በራሶ ራሱ የዳሰሰበት ቀን ትዝ አለኝ። ሞቱን ያስነገረው የእኔ ጽሕፈት ነው። ያ ጥልፍ ባይኖር ጋቢው የማንም ጋቢ ነበር።

እኔ አላለቀስኩም። አልቻልኩም። ያ ሁሉ ሰው እያየኝ አፌን ከፈትኩ፤ እንደ ትምህርት ቤቱ ሆነ። አክስቴ ጥግ ወስዳ ክንዴን ጨብጣ ያዘችኝ።

«እርምሽን አውጪ» አለችኝ። «ያላለቀስሽለት ሰው ይመላለስብሻል።»

እርም ማውጣት ምን እንደሆነ ለልጆቹ መንገር ሳያስፈልግ አይቀርም። ለሟች የሚገባውን ለቅሶ ማልቀስ ነው። ያለቀሱለት ሰው ያርፋል፤ ያለቀሰውም ያርፋል። ከዚያ በኋላ ያ ሰው በሕይወት ካሉት ጋር አይቆጠርም። እናቴ እርሟን አወጣች። እኔ ሳላወጣ ለቅሶው ተበተነ።

መጋዘኑ ውስጥ ነገሩን ሴቶቹ ሁሉ አወቁት። አጠገቤ የምትቀመጥ እትዬ ሙሉ የምትባል ጨዋታ አዋቂ ሴት ነበረች። ዝምታዬን ስታይ፣ ቡናው እንኳ ካንቺ ይሻላል፣ ሲወድቅ ድምፅ ያሰማል እያለች ታስቀን ነበር። ቀኑን የምትገፋው በተረት ነው፤ ተረቶቿ ግማሾቹ የሙታን ናቸው። ሰው ሞቶ እርም ከወጣለት በኋላ በደጅ መጥቶ ቢጣራ እሱ አይደለም፣ መልኩን የለበሰ ነገር ነው አለችን አንድ ቀን። ሦስት ጊዜ ይጣራል፤ ወዬ ያለው ሰው አብሮት ይሄዳል። ሴቶቹ «ኧረ አፍሽን» እያሉ ይስቃሉ። እኔ ጥቁር ቡና እየለቀምኩ ሁሉንም ሰማሁ። ከዚያ ወዲያ ቤት ብቻዬን ስሆን ጆሮዬ ደጅ ደጁን ማዳመጥ ጀመረ። እርሜን ስላላወጣሁ ይመጣብኛል ብዬ ነበር የምፈራው። አንድ ቀንም ቢሆን ይመጣልኛል ብዬ አላሰብኩም።

ሚያዝያ ገባ። በእኛ አገር ሚያዝያ ዝናብ ነው፤ ጠዋት ይዘንባል፣ እኩለ ቀን ላይ ያባራና ጉም ከእንሰቱ ሥር ይነሣል። ቀኑ የገበያ ቀን ነበር። እናቴ ቆጮ ተሸክማ ዲላ ወርዳለች፤ ጎረቤቱም ሁሉ ገበያ ነው። እኔ የሚስ ኤለንን ልብስ ዝናቡ አላስደርቅ ስላለኝ ቤት ውስጥ ገመድ ላይ አስጥቼ እሳት አነድድለታለሁ። እኩለ ቀን ነው እንጂ ሌሊት አልነበረም። ሰው ይህን ታሪክ ቢሰማ ሌሊት ይመስለዋል፤ ሌሊት ቢሆንማ ለራሴ ምክንያት በኖረኝ።

«ጭጬ» አለ ድምፁ።

በግድግዳው ስንጥቅ አየሁት። ዝናቡን ለመከላከል ጆንያ አናቱ ላይ ደፍቷል። ራሱ ተላጭቷል። ፊቱ ከስቶ ጉንጩ ገብቷል፤ ቆዳው እንደ ደረቀ የእንሰት ቅጠል ቢጫ ሆኗል። ዓይኖቹ ብቻ የራሱ ነበሩ። ጉሙ ከጉልበቱ በታች ስለሸፈነው እግር ያለው አይመስልም። የማየው የተለቀሰለትን ሰው ነበር፤ ጋቢው ከኋላዬ ሳጥን ውስጥ ተጣጥፎ ተቀምጧል።

በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ገፋሁትና መወርወሪያውን ጣልኩ። እንጨቱ ቦታው ሲገባ ጓ አለ። ያን ድምፅ እሱ አልሰማውም ብዬ ራሴን ለማሳመን ብዙ ዓመት ሞክሬአለሁ።

ሁለተኛ ጠራኝ። በሩ ድረስ መጥቶ ነበር፤ ትንፋሹ ይሰማኛል።

«ጭጬ፣ እኔ ነኝ» አለ። «በርዶኛል።»

ጀርባዬን ለበሩ ሰጥቼ ተቀመጥኩ። ሦስተኛ አልጠራኝም። እሱም ከበሩ ማዶ ተቀመጠ መሰለኝ፤ እንጨቱ ወደ እኔ ትንሽ ገፋ። ሳለ። ረጅም፣ ደረት የሚቀድድ ሳል ነው። ሙት አይስልም ብዬ አሰብኩ። እውነቴን ነው፤ ያኔውኑ፣ እዚያው ተቀምጬ፣ ሙት አይስልም ብዬ አስቤአለሁ። እጄ ግን አልታዘዝ አለኝ። ፍርሃት ብቻ ቢሆን ኖሮ ለራሴ ይቅር እል ነበር። ከፍርሃቱ ጋር ያ የድሮው ነገር ነበር፤ አፍ ከፍቶ ድምፅ ማጣት። ወዬ ለማለት የሚያስፈልገው ትንሽ ነገር አንድም ቀን በጊዜው መጥቶልኝ አያውቅም።

ምን ያህል እንደቆየ አላውቅም። ገመዱ ላይ ያለው የሚስ ኤለን ቀሚስ መጨረሻ ላይ መንጠባጠቡን አቆመ። ከዚያ የእርምጃ ድምፅ ሰማሁ፤ እየራቀ ሄደ።

በሩን ስከፍት ደፉ ላይ ሸንኮራ አገዳ ተቀምጧል። ክንድ የሚያህል፣ በሁለት አንጓ የተቆረጠ፣ ጫፉ በሣር ታስሮ። ሙት ሸንኮራ ይዞ አይመጣም። ይህን የትኛውም የእትዬ ሙሉ ተረት አልነገረኝም፤ ግን ማንም ሳይነግረኝ አወቅኩት።

ሮጥኩ። መንገዱ ላይ ደረስኩ። ጉሙ ውስጥ ከገበያ የሚመለሱ ሰዎች አህያቸውን እየነዱ ይመጣሉ። ስሙን መጣራት ነበረብኝ። ሰው ሁሉ ያለቀሰለትን ሰው ስም በአደባባይ ጮሄ መጥራት። ሰዎቹ አዩኝ፤ አንገቴን ደፋሁ። አንዲት ሴት ምን ሆነሽ ነው ስትለኝ ምንም አልኳት። ወደ ቤት ተመልሼ ሸንኮራውን ከእንጨቱ ክምር ሥር ደበቅኩት። እናቴ ስትመጣ ምንም አልነገርኳትም። ነገ እነግራታለሁ አልኩ።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ አንድ ሽማግሌ ዘበኛ እቤታችን መጣ። ጪጩ አጠገብ ያለ የቡና ማድረቂያ የሚጠብቅ ሰው ነው። ባርኔጣውን አውልቆ ቆሞ፣ ለእናቴ ነገራት። ባለፈው ቀን ማምሻውን አንድ ሰው ቡናው ከሚሰጣበት የእንጨት አልጋ ሥር ተኝቶ አገኘው። ትኩሳቱ እንደ ምድጃ ነው። ወደ ጎጆው አስገብቶ ትኩስ ወተት አጠጣው፤ ጥቂት አረፍ ሲል ሰውየው ስሙንና ቤቱን ነገረው። ጋቢውን በትኩሳት ለሚንቀጠቀጥ ጓደኛው አልብሶ፣ እሱ ራሱ ታሞ ሌላ ሰፈር ብዙ ወር ተኝቶ ነበር። አገሩ ሲደርስ ጪጩ ላይ የሚያውቁት ሰዎች እያዩት ሸሹ፤ ለምን እንደሆነ የገባው አንዱ ከሩቅ ሆኖ ተለቅሶልሃል ሲለው ነው። ሌሊቱ ሊነጋጋ ሲል ሞተ።

እናቴ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው። «እንዴት ቤቱ ሳይመጣ?»

ዘበኛው መሬት መሬት እያየ መለሰላት። «መጥቼ ነበር ብሎኛል። ቤት ሰው አልነበረም አለኝ። ገበያ ሄደዋል፣ ነገ እመለሳለሁ ብሎ ነበር።»

እኔ ከእናቴ ኋላ ቆሜአለሁ። ቤት ሰው አልነበረም። ይህን ያለው ከሰባ ልጅ መካከል ለእኔ ቅርጫቱን ተሸክሞ የቆመው ሰው ነው። የእኔ ዝምታ አለመኖር እንዳልሆነ በዚህ ዓለም ላይ የሚያውቅ ሰው እሱ ብቻ ነበር። የመወርወሪያውን ድምፅ ሰምቷል። ጀርባዬን በእንጨቱ በኩል በጀርባው ዳስሷል። እየሞተ ሳለ ለማያውቀው ዘበኛ ስሜን ላለመስጠት ቀሪ ብሎ ጻፈኝ።

ሬሳው መጣ። ያን ጊዜ ደግሞ ሌላ ነገር ገጠመን። ለአንድ ሰው ሁለት ጊዜ ለቅሶ አይቀመጥም። ሽማግሌዎቹ ተነጋገሩ፤ ክፋት የለባቸውም፣ እንዲህ ያለ ነገር ስላላዩ ግራ ገብቷቸው ነው። እርሙ በጥር ወጥቷል፣ እንደገና ማውጣት ሌላ ሞት መጥራት ነው ተባለ። ቀባሪው ጥቂት ነበር። ድንኳን አልተተከለም። የመጡትም ምን እንደሚሉ አላወቁም፤ አንድ ጊዜ አጽናንተውናል። እናቴ መቃብሩ አጠገብ ቆማ «እንባዬን ለሰው ልጅ ሰጥቼው» ስትል ሰማኋት። እውነት ነው፤ በጥር ያለቀስነው ለዚያ ጋቢውን ለለበሰው ልጅ ነበር። በራሶ ለዘበኛው በነገረው መሠረት ኮቾሬ በኩል ላለችው ለልጁ እናት መልእክት ተላከ። ደርሷት እንደሆነ አላወቅንም።

እኔ ደግሞ ያኔ ነው ድምፄ የመጣው። አፌን ብከፍት አገር የሚሰማው ጩኸት ይወጣ ነበር። ጩኸቱን የማሰማበት ለቅሶ ግን አልነበረም። ዋጥኩት።

እናቴ ከዚያ በኋላ ሃያ ሁለት ዓመት ኖረች። አንድም የገበያ ቀን ዲላ ወርዳ ቆጮ አልሸጠችም። ያን ቀን ገበያ ባልሄድ ኖሮ እያለች፣ እጇን በእጇ እየመታች፣ ጥፋቱን ሁሉ ለራሷ አደረገችው። በየዓመቱ ሚያዝያ ሲመጣ ልነግራት እቀመጣለሁ። አጠገቧ ጎመን እቀነጥሳለሁ፣ ወይም ጸጉሯን እሠራላታለሁ። እሷ ቤት ሰው አለመኖሩን ታወራለች፤ እኔ ዝም እላለሁ። ሳልነግራት ሞተች። ከበሩ ይልቅ ይህኛው ነው የሚከብደኝ፤ በሩ ላይ የፈራሁት ለጥቂት ሰዓት ነው፣ እናቴ ፊት ግን ሃያ ሁለት ዓመት።

የነገርኩት ለአንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሷም የአገሬ ሰው አልነበረችም። ሰኔ ላይ ሚስ ኤለን ወደ አገሯ ልትመለስ ዕቃዋን ስታስር፣ የዚያን ቀን ጉድ ያየውን ቀሚስ አጣጥፌ ሳቀብላት አልለቅላት አልኩ። ምን ሆነሻል አለችኝ። በአማርኛ ጀመርኩ፤ ሳላቋርጥ እስከ መጨረሻው ነገርኳት። የቻልኩት ግማሹን አትረዳውም ብዬ ይመስለኛል። እሷ ግን ሁሉንም ተረድታዋለች። በመጨረሻ ሁልጊዜ ከራሴ የማይወጣውን የአክስቴን ቃል ነገርኳት፤ ይመላለስብሻል ማለት ምን እንደሆነ እንዲገባት በእጄ ወዲያና ወዲህ እያሳየሁ።

ሚስ ኤለን ሳጥን ውስጥ የከተተችውን ወፍራም መዝገበ ቃላት መልሳ አወጣችው። የእሷ ሰዎች ማጽናናት ሲያቅታቸው መጽሐፍ ይከፍታሉ መሰለኝ። በአገሯ ቋንቋም ልክ እንደዚህ የሚባል ቃል እንዳለ ነገረችኝ፤ ሆንት ይባላል። ዛሬ ስለ ሙት መንፈስና ስለሚያስፈራ ቤት ነው የሚነገረው። ጥንት ግን አንድን ቦታ አዘውትሮ መሄድ፣ አንድን ሰው መላልሶ መጠየቅ ማለት ብቻ ነበር። እንግሊዞቹ ከፈረንሳዮች ወሰዱት፤ ፈረንሳዮቹ ደግሞ ከሰሜን ባሕር ሰዎች ሳያገኙት አይቀርም ይላሉ አዋቂዎቹ፣ እርግጠኛ ባይሆኑም። በዚያ በጥንቱ ሕዝብ ዘንድ ከብትን ከግጦሽ ሰብስቦ ወደ ቤት ማስገባት ማለት ነበር። ቃሉ «ቤት» ከሚለው ቃል ጋር አንድ ሥር አለው።

«ሊያስፈራሽ አልመጣም» አለችኝ በዚያ በሚጎተት አማርኛዋ። «ቤት ነው የመጣ።»

ልታጽናናኝ ነበር። አልተጽናናሁም፤ ቤት እንደመጣ እንዴት አላውቅም? ሸንኮራው እኮ እንጨት ሥር ደርቆ ተቀምጧል። ቃሉን ግን ወረቀት ላይ ጽፋ ሰጠችኝ። ወረቀቱ ጠፋ፤ ቃሉ ቀረ።

ሳሮን ማታውን ስትመለስ ጥያቄዋን አልረሳችውም ነበር። ከጎኔ ተቀምጣ ማን እንደነገረኝ ደግማ ጠየቀችኝ። ስለ ሚስ ኤለን ነገርኳት። ስለ ቃሉ አገር ለአገር መዞር ነገርኳት፤ ደስ አላት፣ ስልኳ ላይ አይታ እውነት መሆኑን ስታገኝ ደግሞ ይበልጥ ደስ አላት። እኔ ስለ ሌላ ነገር አስብ ነበር። ያን ቃል ስንት ዓመት በወንድሜ ላይ ነው የለጠፍኩት። በራሶ አንድ ቀን ብቻ ነው የመጣው፣ ከዚያ ወዲያ በሕልሜም እንኳ መጥቶብኝ አያውቅም። የአክስቴ ፍርሃት አልደረሰም። ወደዚያ በር በየዝናቡ፣ ቡና በተፈለፈለ ቁጥር፣ አንድ ሰው ደጅ ላይ በሳለ ቁጥር የምመላለሰው እኔ ነኝ። ቤቱ ከፈረሰ ቆየ፤ ቦታው ላይ የጎማ መጠገኛ ተሠርቶበታል። እኔ ግን አሁንም ጀርባዬን ለበሩ ሰጥቼ ተቀምጫለሁ።

ሳሮን ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው ብቸኛው የእናቴ ፎቶ አየች። የቤተሰባችንን ታሪክ በወጉ ታውቀዋለች፤ ከእናቴ ወደ ልጄ፣ ከልጄ ወደ እሷ የደረሰ ነው።

«ያ በወባ የሞተው ወንድምሽ» አለችኝ፣ «ቤት ሲመጣ ሰው ያጣው፣ እሱን ነው እንዴ ለሚስ ኤለን የነገርሻት?»

እንደ ልማዴ አፌን ከፈትኩ። እንደ ልማዱ ዝም ሊለኝ ነበር። ሳሮን ጠበቀችኝ። ስልኳን ፊቱን ወደ ታች ገልብጣ አስቀመጠችው፤ ያ አስተማሪ በመጨረሻ በዓይኑ ሲፈልገኝ እንዳየኝ አየችኝ።

«ሰው ነበር» አልኳት። «ቤት ሰው ነበር።»